ከወይብ ወንዝ ያልወጣው ዓሣ

በአገራችን ዓሣ ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ሐይቅ ይሄዳል። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ጫሞ ይታወሱታል፤ ታንኳና መረብ፣ ሞቃት ነፋስ፣ በዳርቻው በዘይት የሚጠበስ ቆሮሶ በዐይነ ኅሊናው ይመጣበታል። ስለዚህ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሌሊት ሣሩ አመዳይ ለብሶ በሚያድርበት፣ ማለዳም የፈረሱ ትንፋሽ እንደ ጢስ በሚታይበት አገር ዓሣ ይጠመዳል ብንል ከአንባቢዎቻችን መካከል ፈገግ የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እውነት ነው። አገሩ ባሌ ነው፤ ወንዙም ወይብ ይባላል።

ወይብ ከባሌ ተራራዎች የሚወርድ ወንዝ ነው። ከላይ በሰፊው የሣር ሜዳ መካከል እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀጥሎ በጥቁር ድንጋይ መካከል ይጠብና ይጮኻል፤ ፊንጫ ሐበራ በሚባለውም ቦታ ፏፏቴ ሆኖ ይወድቃል። ዲንሾን አልፎ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ቆላውን ሲያገኝ ደግሞ ከሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል። የዋሻው መተላለፊያ ሁሉ ቢለካ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል ይባላል። በመጨረሻም ከገናሌና ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ፣ ጁባ የሚል ስም ይዞ፣ በሶማሊያ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይጓዛል። እንግዲህ አንድ ውሃ ነው፤ ራሱ በውርጭ፣ እግሩ በበረሃ።

ወደዚያ የሄድነው በጥር ወር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች ለመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በተዘጉበት ሰሞን ነው። የጋበዘን ከእኛ ጋር በአንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተምሮ፣ አሁን በሮቤ ከተማ ሳይንስ የሚያስተምር የቆየ ወዳጃችን ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአርሲ ስንዴና ገብስ ታጭዶ ስለ ነበር ሜዳው ሁሉ ቢጫ ገለባ ለብሶ ነበር። ዶዶላንና አዳባን ካለፍን በኋላ መንገዱ እየወጣ ሄደ፤ በአውቶቡሱም ውስጥ ተጓዡ አንድ በአንድ ጋቢውን ይከናነብ ጀመር። ከጎናችን የተቀመጡ አንዲት እናት የለበስነውን ስስ ኮት አይተው፣ «ልጄ፣ ይኸን ለብሰህ ነው ባሌ የምትገባው?» አሉን። ምላሽ አልነበረንም።

ዲንሾ ትንሽ ከተማ ናት። የባሌ ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚያ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ኮሶና ጥድ ከበቀሉበት ጫካ ውስጥ የደጋ አጋዘን ቆሞ ማየት ብርቅ አይደለም፤ እኛም ገና ሻንጣችንን ሳናወርድ ሦስቱን አየን። ወደ ላይ ወደ ሳነቲ የወጣ ሰው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን ደልዳላ ሜዳ፣ በዚያም ፍልፈል የሚያድነውን ቀይ ቀበሮ ያገኛል። በደረቁ ወራት ሌሊቱ በሳነቲ ውሃን ያረጋል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የደረሰበትም ጊዜ አለ።

ሰው በዚህ ብርድ ውስጥ መኖር የጀመረው ዛሬ አይደለም። በፊንጫ ሐበራ አጠገብ ከሚገኘው የድንጋይ ጥላ ሥር የቈፈሩ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በዚያ ይሰፍሩ እንደ ነበር አሳይተዋል። በዚያ ዘመን ከተራራው አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበረ። ሰዎቹም ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል። በዲንሾ ውርጭ ውስጥ ከአልጋ ለመነሣት ሲያመነታ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ አፍሮ ይነሣል። እኛም ተነሣን።

አሁን ስለ ዓሣው ጥቂት እንናገር። በወይብና በአካባቢው ወንዞች የሚጠመደው ትራውት የሚባለው ነው፤ የአገሩ ተወላጅ ሳይሆን እንግዳ ነው። ሁለት ዐይነት ሲሆን፣ አንዱ በጎኑ ሮዝ መስመር ያለው ቀስተ ደመና ትራውት፣ ሁለተኛው ነጠብጣብ ያለበት ቡናማ ትራውት ይባላል። የመጀመሪያው መነሻው የሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ የሁለተኛው አውሮፓ ነው። ወደ ባሌ የመጡት ከኬንያ ሲሆን ከገቡ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወደ ኬንያ ደግሞ ቡናማውን ከስኮትላንድ ያስመጡት እንግሊዞች ናቸው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ነው። እንግሊዝ በሄደበት ሁሉ ይህን ዓሣ ማስከተል ይወድ ነበር። በ1864 ዕንቁላሉን በእርጥብ ሽበት መሰል ተክልና በበረዶ ሸፍነው፣ ሦስት ወር ገደማ በመርከብ አጕዘው ታስማኒያ ደሴት አድርሰውታል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን እንደ ሆነ የሚገባው ትራውትን በዘንግ የያዘ ሰው ብቻ ነው ይላል ወዳጃችን። በጎ ብቻ ነው ማለታችን ግን አይደለም፤ በሌሎች አገሮች ይህ እንግዳ ዓሣ የወንዙን ነባር ፍጥረት እየበላ እንዳጠፋ ታውቋል፤ በካሊፎርኒያ ተራራዎች ያሉት እንቁራሪቶች የደረሰባቸው ይመሰክራል።

ትራውት ንጹሕና ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል። ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፤ ቆላ ወርዶ መኖር አይችልም። ስለዚህ የባሌ ደጋ ተስማማው። ዳሩ ግን ቅዝቃዜም ልክ አለው። ዓሣ ደሙ እንደ ውሃው የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ውሃው 5 ወይም 6 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ሰውነቱ ይዘገያል፤ ጥቂት ይበላል፤ ከፈጣኑ ውሃ ሸሽቶ ከጥልቁና ከተኛው ቦታ ይተኛል። በአፍንጫው ሥር ያለፈውን ካልሆነ በቀር ምግብ ለማባረር አይነሣም። ትልቁ ዓሣ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ስንፍናን የሚወድ ነው።

የማጥመጃው ዘዴ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ስለሚሆን እንግለጸው። በተለመደው መንጠቆ ላይ ትል ወይም ሥጋ ይሰካል፤ ክሩንም የሚወስደው በጫፉ የታሰረ እርሳስ ነው። በዚህ ዘዴ ግን ትልም እርሳስም የለም። በመንጠቆው ላይ ላባ፣ ጠጕርና ክር እየጠመጠሙ ዝንብ ወይም የውሃ ትል የሚመስል ነገር ይሠሩበታል። ይህ ክብደት የሌለው ነገር ስለ ሆነ ሊወረወር አይችልም፤ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዘ ክሩን በአየር ላይ ይዘረጋዋል፤ ላባዋም ተከትላ ሄዳ ከውሃው ላይ ታርፋለች። ለቡሄ ጅራፍ አጩኾ የሚያውቅ ሰው ክንዱ ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ ይህኛው መጮኽ የለበትም።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ምእተ ዓመት መካከል የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን፣ በመቄዶንያ በቤርያና በተሰሎንቄ መካከል በሚወርድ ወንዝ ሰዎች መንጠቆውን በቀይ ሱፍ ጠምጥመው፣ ሁለት የአውራ ዶሮ ላባ አስረው ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። የቤርያንና የተሰሎንቄን ስም ከሐዋርያት ሥራ የሚያውቅ አንባቢ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በዚያ መንገድ ባለፈበት አገር ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ይህ ሥራ ይሠራ እንደ ነበር ማወቁ ደስ ሳያሰኘው አይቀርም። በወንጌል የተጠቀሱት መሠግራነ ዓሣ ግን የመረብ ሰዎች ነበሩ፤ ቅዱስ ጴጥሮስ መንጠቆ እንዲጥል የታዘዘው አንድ ጊዜ፣ ስለ ግብር ገንዘብ በሆነው ነገር ነው።

ወዳጃችን ዝንቦቹን የሚሠራው ራሱ ነው። ሌሊት ተማሪዎቹን አርሞ ሲጨርስ፣ ከመብራቱ ሥር ተቀምጦ የቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ በልብስ ስፌት ክር ይጠመጥማል። በትንሽ ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ደርድሯቸው ነበር፤ ከሁሉ የሚወዳት አንዲት ቀይ ነበረች። ሌላ ስም አልሰጣትም፤ «ቀይዋ» ይላታል።

በማግሥቱ ሐሙስ ስለ ነበር የጾም ነገር አላስቸገረንም። ፈቃድ አውጥተን ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደረስን። ከእኛ ጋር የዲንሾ አካባቢ ልጅ የሆነ፣ ዕድሜው ዐሥራ አምስት ያህል፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ብላቴና ነበረ። ወዳጃችን በመጣ ቁጥር መረብ የሚይዝለት፣ መንገድ የሚመራው እሱ ነው። በቀን የሚከፈለው አበል አለው። ከዚህም ሌላ ከሁለት ኪሎ በላይ የሆነ ዓሣ ከወጣ ለልጁ እንዲሆን፣ ሮቤ ወስዶ ለአንድ ምግብ ቤት እንዲሸጠው ተስማምተው ነበር። በእግሩ ያደረገው ኮንጎ ጫማ ተረከዙ ተቀድዶ በሽቦ ተሰፍቶ ነበርና፣ የዓሣው ዋጋ ለምን እንደሚውል መጠየቅ አላስፈለገንም።

ብርዱን በቃል ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሣሩ ሲረገጥ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ጭቁኙና አሜጃው ነጭ ሆነው ነበር። በዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ትናንሽ ቀለበቶች ውሃው እየረጋባቸው ስለ ተደፈኑ፣ ወዳጃችን ከሁለት ከሦስት ውርወራ በኋላ ቀለበቶቹን በአፉ እየነፈሰ ያቀልጣቸው ነበር። ቀጭኑን ናይለን ከመንጠቆው ጋር ለመቋጠር ጣት እንቢ ይላል፤ ቋጠሮውም ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ካልረጠበ ራሱን አቃጥሎ ይደክማል። ቴርሞሜትሩን ከውሃው ሲያገባ 6 ዲግሪ አሳየ። የሳይንስ መምህር ስለ ሆነ ይህን ሳይጽፍ አያልፍም፤ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

እስከ እኩለ ቀን የወጡት ሦስት ስንዝር ስንዝር የሚያህሉ ዓሦች ነበሩ፤ ሦስቱንም ወደ ውሃው መለሳቸው። ልጁ ምንም አልተናገረም። ፀሐይዋ ከሸለቆው ገብታ ድንጋዩን ሞቅ ስታደርገው ጭኮና ሻይ ቀማምሰን ተቀመጥን። ጭኮ ማለት የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ የታሸ ነው፤ የባሌ ሰው መንገድ ሲሄድ ከእሱ አይለይም፤ በብርድም ቀን አንዲት እፍኝ ግማሽ ቀን ታስኬዳለች። ያን ጊዜ ልጁ ወደ ወዳጃችን ቀረብ ብሎ በኦሮምኛ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረው። ዐምና ከብት ሲጠብቅ ያየው አንድ ዓሣ አለ። ያለበትን ኩሬ ለማንም አልነገረም፤ ዘንድሮም ሄዶ አይቶታል፤ እዚያው ነው።

ኩሬው ከነበርንበት ቦታ ሩብ ሰዓት ያህል ወረድ ብሎ፣ አንድ ያዘመመ የኮሶ ዛፍ ከተጠጋበት ነበር። ውሃው ከላይ በፍጥነት ገብቶ ከገደሉ ሥር ይተኛል፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር ያደላል። ከኩሬው ግርጌ ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ተጠጋግተው ውሃውን እንደ በር ያጠቡታል፤ ከበሩ በታች ደግሞ ሌላ የባሰ ጥልቅ ጕድጓድ አለ። ወዳጃችን ቴርሞሜትሩን እንደ ገና አገባ። 9 ዲግሪ ደርሶ ነበር። ቀይዋን አውጥቶ ቋጠራትና ከላይ ከፈጣኑ ውሃ ጣላት፤ እየሰጠመች እንድትወርድ ክሩን ለቀቀላት።

ስድስት ጊዜ ወይም ሰባት ጊዜ ጣለ። ከዚያ ክሩ ቆመ። ወዳጃችን ከድንጋይ ጋር የተያዘ መስሎት ዘንጉን ቀና ሲያደርግ ድንጋዩ ሄደ።

ክሩ የተጠቀለለበት መዘውር ጮኸ። ዓሣው አልዘለለም፤ ቸኵሎም አልነበረም። ወደ ገደሉ ሥር ገብቶ ተቀመጠ፤ ሲጎትቱት ትንሽ መጣ፤ ተመልሶ ሄደ። የናይለኑ አቅም ሁለት ኪሎ ተኩል ብቻ ነው፤ ዘንጉ እየታጠፈ ኀይሉን ባይቀበልለት ኖሮ ገና በመጀመሪያው ይበጠስ ነበር። ዐሥር ደቂቃ ሳይሆነው አልቀረም፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ወጣና ጎኑን አየነው። ሮዝ መስመሩ ከጆሮ ግንዱ እስከ ጅራቱ ደረሰ፤ ጅራቱም ከተዘረጋ መዳፍ ይሰፋ ነበር። ልጁ ሲያየው ድምፅ አውጥቶ ሳቀ።

ዓሣው ተመልሶ ጠለቀ፤ ይህን ጊዜ ግን ወደ ታች አቀና፤ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል አልፎ ወደ ታችኛው ጕድጓድ ወረደ። ክሩ ከድንጋዩ ጠርዝ ጋር ይፋተግ ጀመር። ወዳጃችን ተከትሎ ለመውረድ መንገድ አልነበረውም። ልጁ ግን ኮንጎውን አውልቆ፣ ጋቢውን ጥሎ፣ መረቡን እንደ ያዘ ከድንጋዩ በታች ወደ ውሃው ገብቶ ነበር። መጀመሪያ እስከ ጉልበቱ፣ ሁለት ርምጃ ሲሄድ እስከ ወገቡ፣ ሦስተኛውን ሲረግጥ እግሩ አዳለጠውና ውሃው ደረቱን መታው። ትንፋሹ ሲቆረጥ ከዳር ሆነን ሰማነው።

እንዲህ ያለ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለልጆች ወላጆች መንገር ተገቢ ነው። ድንገት የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹን መግዛት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ራሱ ከሰጠመ ውሃ ይስባል። ትንፋሹ ቢመለስለትም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣቱና ክንዱ አይታዘዙትም፤ ዋና የሚችለውም ሰው የጨበጠውን ሣር ይለቃል። ልጁ ዋና አይችልም ነበር። የደጋ ልጅ ከወዴት ይማራል?

«ኮቱ! ኮቱ!» ብሎ ጮኸ ወዳጃችን፤ ና፣ ና ማለቱ ነው። ልጁ አንድ እጁን ከድንጋዩ ላይ አድርጎ በሌላው መረቡን ወደ ፊት ዘረጋ። ዓሣው ከእሱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ፣ ደክሞ፣ በጎኑ ዘንበል ብሎ ይታይ ነበር። «ባርሲሳ፣ ደርሻለሁ!» አለ። ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። አንድ ርምጃ ብቻ ነበር የቀረው፤ ያ ርምጃ ግን መሬት አልነበረውም።

ወዳጃችን ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ጫፉን በቀጥታ ወደ ዓሣው አመለከተ፤ ክሩንም በመዳፉ ጠቅልሎ ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ዘንግ ካልታጠፈ ናይለኑን የሚረዳው የለም። የተበጠሰው በትንሽ ድምፅ ነው፤ ሰፊ ሴት ክር በጥርሷ ስትቆርጥ የሚሰማውን ያህል። ጅራቱ አንድ ጊዜ ውሃውን መታና ጥቁሩ ውሃ ከላዩ ተዘጋ። የሚከተለው ነገር ስለ ጠፋ ልጁ ቆመ። እኛም ከድንጋዩ ላይ በሆዳችን ተኝተን የዘንጉን እጀታ ሰጠነውና ስበን አወጣነው።

ልጁ ሲወጣ ያለቀሰው ከብርድ አልነበረም። «ቁርጡሚ ኮ» እያለ ነበር፤ ዓሣዬ ማለት ነው። እውነቱንም ነው፤ ዓሣውን ያገኘው፣ ዓመት ሙሉ የጠበቀውም እሱ ነው። ወዳጃችን አልመለሰለትም፤ ልብሱን ለማውለቅ ይታገል ነበር። የልጁ ጣቶች ቁልፍ መያዝ ስለ ተሳናቸው ሸሚዙን እኛ ፈታን። ከነፋስ ከለል ወዳለ ቦታ ወስደን፣ ሰውነቱን በደረቅ ፎጣ ሳንፈትግ ቀስ ብለን አደረቅነው፤ ጋቢውንና የእኛን ኮት ደራርበን ጠቀለልነው፤ በፔርሙዝ የተረፈውን ሻይ ስኳር አብዝተን አጠጣነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አረቄ ይምጣ የሚል ሰው አይጠፋም። አረቄ የሞቀ ቢያስመስልም የውስጡን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክናል፤ የቀዘቀዘ ሰው ሊሰጠው አይገባም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንቀጥቀጡ በረታ፤ ይህም ሰውነቱ መሥራቱን የሚያሳይ ስለ ሆነ ደስ አለን። ከዚያም መንቀጥቀጡ ቀለለለትና ጭኮ ጠየቀ።

ዓሣው በአፉ መንጠቆ ይዞ ምን ይሆናል ብለን ጠየቅን። ወዳጃችን የመንጠቆውን ጕጥ አስቀድሞ በጉጠት ደፍጥጦት ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለውን ዓሣው ብዙ ጊዜ ይጥለዋል አለን። ልጁ ይህን ሰምቶ ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ።

ማምሻውን ወደ ቤቱ ራሳችን አደረስነው፤ ወዳጃችን ነገሩ ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰማ አልፈለገም። እናቱ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡን፤ ትኩስ ወተትም አቀረቡልን። ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ስለ ዓሣው አልጠየቁም። ልጃቸውን ብቻ፣ «ውሃው የት ደረሰህ?» አሉት። ልጁ እጁን ከጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀጥሎ ታናናሽ ወንድሞቹ የዓሣውን ትልቅነት ሲጠይቁት ከጣቱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ትከሻው ለካላቸው። እናቲቱ ወደ ወዳጃችን አዩ። ወዳጃችን ወተቱን ይጠጣ ነበር። ከዚያ ተነሥተው የልጁን እርጥብ ሱሪ ከተሰቀለበት አወረዱ፤ ርጥበቱ የት ድረስ እንደ ሆነ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ምንም ሳይናገሩም መልሰው ሰቀሉት።

ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ስለ ዓሣው ክብደት ክርክር ተነሣ። ወዳጃችን ሦስት ኪሎ አይሞላም አለ፤ እኛ ሦስት ኪሎ ያልፋል አልን። እንዲህ ያለው ክርክር ዳኛ የለውም። ጆርጂና ባላንታይን የምትባል ስኮትላንዳዊት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ከቴይ ወንዝ ያወጣችው ሳልሞን 64 ፓውንድ፣ ማለት 29 ኪሎ መዘነ፤ ሚዛን ስላየው እስከ ዛሬ በብሪታንያ የሚበልጠው አልተመዘገበም። በዚያው ወንዝ ደግሞ ኋላ የብሪስቶል ጳጳስ የሆነው ጆርጅ ፎረስት ብራውን አንድ ዓሣ ይዞ፣ ከቀን እስከ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ያህል ታግሎ በጨለማ አምልጦታል። ብራውን ታሪኩን በ1895 በመጽሐፉ አሳተመ፤ የዓሣውን ክብደት ግን እስከ ዛሬ ሰው እንደ ፈቀደ ይገምታል። ይህን ለወዳጃችን ስንነግረው ሳቀና፣ «እሱስ እንኳ ዐሥር ሰዓት ታግሏል፤ እኔ ራሴ ነኝ የበጠስሁት» አለ። ከዚያም ደብተሩን አወጣ። ከጧቱ 6 ዲግሪ፣ ከቀኑ 9 ዲግሪ ከሚለው በታች ምን እንደሚጽፍ ጥቂት አሰበ። «አንድ፤ አልወጣም» ብሎ ጻፈና ዘጋው።

የቀይዋ ቦታ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ባዶ ነበር። በሻንጣው የቀረውን ላባ ቢፈልግ የተረፈው ግራጫ ብቻ ሆነ። ዐርብ ነበር የምንመለሰው፤ ስለዚህ ነገሩን ትተን ተኛን።

በማግሥቱ ማለዳ አውቶቡስ ስንጠብቅ ልጁ መጣ። ያው ኮንጎው በእግሩ ነበር። ወዳጃችን የአበሉን ገንዘብ ሰጠው፤ ከእሱም ጋር የሁለት ኪሎ ዓሣ ዋጋ ደረበለት። ልጁ የቀን አበሉን ቆጥሮ ኪሱ አገባና ሁለተኛውን መለሰ፤ «ዓሣው አልወጣማ» አለ። ወዳጃችን ለመነው፤ እኛም ለመንነው፤ አልተቀበለም። ከዚያ ከጋቢው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የእናቱ ቀይ አውራ ዶሮ የአንገት ላባዎች ነበሩ፤ አምስት ናቸው። ዶሮው ተይዞ እንደ ተነቀለና እንደ ተለቀቀ፣ እናቱም እንደ ፈቀዱ ተናገረ።

ወዳጃችን ላባዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ ተመለከተ። ሦስቱ ረዘም ያሉ ናቸው አለ፤ ሁለቱ ግን ይሆናሉ። ልጁ የትኞቹ ሁለቱ እንደ ሆኑ ጠየቀው፤ ወዳጃችንም አሳየው፤ አውቶቡሱ ጡሩምባውን እስኪነፋ ድረስ ሁለቱም ጎንበስ ብለው የላባውን ጠጕር ይቆጥሩ ነበር።